እትዬ ማንጠግቦሽና አንድ ዓመት የጎደለው ጦርነት

የእትዬ ማንጠግቦሽን ሞት ያወቅኩት ከመምህራን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። አወቅኩ ማለት እንኳ ይከብደኛል፤ በአውራ ጣቴ አጸደቅኩት ማለት ይቀላል። ጠዋት ምክትል ርዕሰ መምህሩ "የሴሚስተሩ ውጤት እስከ ሐሙስ ይግባ" ብለው ጽፈው ነበር። እኔም ታዛዥ ሠራተኛ ለመምሰል ስልኬን እንደ ከፈትኩ መጨረሻ ላይ ያገኘሁትን መልእክት ሳላነብ አውራ ጣት ሰጠሁበት። መልእክቱ ግን ስለ ውጤት አልነበረም። ለረጅም ዓመታት የዓለም ታሪክ ያስተማሩት፣ በቅርቡ በጡረታ የተሰናበቱት ባልደረባችን መምህርት ማንጠግቦሽ ማረፋቸውን፣ ቀብራቸውም በማግስቱ ዘጌ መሆኑን ይናገራል። ሌላው ሰው ሁሉ "ነፍስ ይማር" ጽፏል። ከመሐል የእኔ አውራ ጣት ብቻዋን ቀጥ ብላ ቆማለች።

አንድ ባልደረባዬ ደውሎ "አበጀ፣ ደስ ብሎሃል እንዴ?" አለኝ። አውራ ጣቷን አጠፋኋት። ከዚያ ስልኩን አስቀምጬ አለቀስኩ። ትንሽ ካለቀስኩ በኋላ ደግሞ ሳቄ መጣ፤ እሳቸው ቢያዩ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁና።

"ማን ነገረህ? እሱንስ ማን ነገረው?" ነበር መታወቂያቸው። ተማሪ ተነሥቶ ስለ ሮም መውደቅ ሲናገር "ማን ነገረህ?" ይሉታል። "መጽሐፉ" ይላል። "እሱንስ ማን ነገረው?" ይላሉ፤ ልጁም ጭንቅላቱን እያከከ ይቀመጣል፤ እስከ ማግሥቱም ሲያስብበት ያድራል። በመምህራን ክፍል እኛንም አይምሩንም። አንዱ "ደመወዝ ሊጨመር ነው!" እያለ ሲገባ ከሻይ ብርጭቋቸው ቀና ሳይሉ "ማን ነገረህ?" ይላሉ። "አንድ የቢሮ ሰው።" "እሱንስ ማን ነገረው?" በሁለት ጥያቄ ጭማሪው ይሟሽሻል። ብዙ ጊዜ ተናደንባቸዋል፤ ትክክል ያልነበሩበትን ቀን ግን አላስታውስም።

አጭርና ቀጭን ነበሩ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ የስፖርት ጫማ ተጫምተው፣ ክረምት ከበጋ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ይመጣሉ። ጃንጥላው ለፀሐይም ለዝናብም አልነበረም፤ በጫፉ ካርታ ላይ አገር ያሳዩበት ነበር። አባታቸው ዘጌ ካሉት አድባራት በአንዱ መሪጌታ ነበሩ። ወንዶቹ ከአባትየው እግር ሥር ተቀምጠው ቅኔ ሲቆጥሩ እሳቸው ከአጥር ውጭ ሆነው ይሰሙ ነበር። "ያልገባኝን የምጠይቅ ባጥሩ ላይ ጮኼ ነው፤ ድምጤ የጎላው ለዚህ ነው" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ከእሳቸው ሁለት ክፍል አልፌ ስለ ፈረንሳይ አብዮት ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ የሚሰሙት የእሳቸውን አብዮት ነበር። አንዳንድ ቀን እኔም ዝም ብዬ እሰማ ነበር፤ የእሳቸው ይሻላል።

እኔ ያን ጊዜ ከፔዳ፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ገና የወጣሁ፣ ዲግሪዬ ያልደረቀ መምህር ነበርኩ። አገሬ ደጋ ስለሆነ የባሕር ዳር ሙቀት ይጥለኛል፤ ሆኖም ከከረባት አልለይም። በመጀመሪያው ቀን ከእግር እስከ ራሴ አይተውኝ "ልጄ፣ ማን ነው ያሰረህ?" አሉኝ። መምህራኑ ሳቁ። እኔ ግን በልቤ "ይቺ ያረጀች ሴትዮ" ብዬ መዘገብኩባቸው። ያረጀችው ሴትዮ የእኔን ዕድሜ ያህል አስተምረው እንደ ነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የእሳቸውን ክፍል ተቀምጬ እንድመዝን ተመደብኩ። ለሥራው ማንም ሌላ አዲስ ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ ችሎታዬ ታይቶ አልነበረም። ቅጼን ይዤ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው አገልግል አንጠልጥለው ገቡ።

"ዛሬ የምንማር አውሮፓውያን መርከበኞች አሜሪካ የደረሱ ጊዜ የሆነውን ነው" አሉና አገልግሉን ጠረጴዛ ላይ ፈቱት። የተቀቀለ ድንች አወጡ። "ይህ ከየት ነው?"

"ከቆጋ መስኖ!" አለ ክፍሉ ባንድ ድምፅ።

"ቆጋንስ ማን ሰጠው?"

መልስ ሳይጠብቁ በቆሎ አወጡ፤ ቃሪያ አወጡ፤ ቲማቲም አወጡ፤ በወረቀት የተቋጠረ በርበሬ አወጡ። ሁሉም ከዚያ ማዶ በመርከብ የተነሣ መሆኑን በጃንጥላው ጫፍ እያሳዩ ተናገሩ። ከዚያ አንድ ባንድ ወደ አገልግሉ መልሰው፣ ከጎን ያስቀመጡትን ትንሽ ሰሃን ከፈቱ። ነጭ የሽሮ አልጫ ነበር። "መርከቡ ባይነሣ ኑሮ፣ የናታችሁ ወጥ ይኸ ነበር።"

ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ ከልቡ ደንግጦ "ቲቸር፣ ያለ በርበሬ?" አለ።

"ያለ በርበሬ።"

ክፍሉ ሐዘን እንደ ደረሰበት ቤት ጸጥ አለ። እሳቸውም የጠበቁት ይህን ነበር። "እንግዲህ በርበሬውን የሰጡን ሰዎች ከዚያ ወዲያ ምን እንደ ደረሰባቸው እንይ" አሉ። የተማሪዎቹን ፊት አየሁ። አንድም ልጅ ወደ መስኮቱ አልዞረም። ስለ መሬታቸው መነጠቅ፣ ስለ በሽታው፣ ስለ ባርነቱ ሲናገሩ፣ ልጆቹ የሚሰሙት እራት የጋበዛቸውን ሰው መከራ ነበር። መጨረሻ ላይ በመስኮቱ ወደ ጣና አቅጣጫ እያመለከቱ "እምቦጩም የመጣ ከዚያው ነው፤ በረከቱም መዘዙም ባንድ መንገድ ነው የሚመጣ" ብለው ወጡ።

እኔ ቅጹ ላይ "የትምህርት ዕቅድ፦ የለም። መርጃ መሣሪያ፦ ድንች" ብዬ ጻፍኩ። ከአሥርም ስድስት ሰጠኋቸው። ይህን እስካሁን ለሰው ተናግሬ አላውቅም።

ወደ እኔ ጉድ ልምጣ። መጽሐፋችን ዘመን የሚጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ልጆቹ ደግሞ የሚኖሩት በእኛው ነው። ስለዚህ መምህሩ እየቀነሰ ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት መቀነስ ነው። ሕፃን ይችለዋል። እኔ ግን ነገር ማብዛት ስለማልወድ ለሁሉም ስምንት እቀንስ ነበር። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ስንደርስም ያለቀበትን 1918 አየሁና፣ ስምንት ቀንሼ፣ በትልቁ "1910" ብዬ ጻፍኩ።

ሰብለ የምትባል ልጅ እጇን አወጣች። ከዘጌ የመጣች፣ ከተማ ውስጥ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ድምፅዋን እስከዚያ ቀን ሰምቼው የማላውቅ አሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት።

"ቲቸር፣ 1911 ነው መሰለኝ።"

"ምን አስመሰለሽ?"

"ጦርነቱ በህዳር ነው ያለቀ፣ በሽታውም ያን ጊዜ ነው በዓለም የተዛመተ ብለውናል። የኛ የህዳር በሽታ ደግሞ በ1911 ነው። የአያቴ አያት በሱ ነው የሞቱ፤ እቤት ዓመቱን ሁሉም ያውቀዋል። ህዳር ሚካኤል ቆሻሻ የምናጥን ለሱ አይደል?"

ልክ ነበረች። ልክ መሆኗንም ውስጤ ያኔውኑ አውቋል፤ ከከረባቱ ሥር ሙቀት ሲወጣ ተሰምቶኛል። ነገር ግን ስድሳ ልጅ ያየኛል። "የዓለም ታሪክ የሚጻፈው በሰነድ ነው እንጂ በቆሻሻ ጭስ አይደለም" አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰብለ ግን አልተቀመጠችም። "እስቲ ይቁጠሩት ቲቸር" አለች፤ በትሕትና ነበር ያለችው። እኔ አስወጣኋት። ወላጅሽን ሳታመጪ እንዳትገቢ አልኳት። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ልጆቹ "ህዳር ሲታጠን" የሚል ስም አውጥተውላት ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔን ደግሞ ስድሳ ልጅ ተቀብሎ አዞረው።

ሳምንት ሙሉ አልመጣችም። እውነቱን ልናገር፣ ክፍሉ ሰላም ሆነልኝ። ዓርብ ዕለት በሻይ ሰዓት ነገሩን ለመምህራኑ እንደ ቀልድ አወራሁት፤ የጭሱ ነገር ላይ ስደርስ ሁሉም ሳቁ። እትዬ ማንጠግቦሽ ብቻ አልሳቁም።

"ስንት ነው የቀነስህ?" አሉኝ።

"ስምንት።"

"ህዳር ላይ?"

ሌላ አልጨመሩም፤ ሻያቸውን ጠጡ። ሌሎቹ ሌላ ወሬ ጀምረው ነበር። ደውሉ ሲደወል ተከትያቸው ወጣሁና ለማንም እንዳይናገሩብኝ ለመንኳቸው።

"እኔ ምን አግብቶኝ? ስሕተቱ ያንተ ነው፤ ቢያሻህ እንደ ርስት ያዘው" አሉኝ። "ልጅቱ ግን የታለች?"

ዝም ብዬ ምዕራፉን ልለፈው አልኳቸው። ስትመጣ በፈተና ላይ አምስት ነጥብ ልጨምርላት አልኳቸው። የመጽሐፉ የማተሚያ ስሕተት ነው ብልስ አልኳቸው። ሁሉንም ሰምተው ሲጨርሱ ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆሙ።

"እኔም እንዳንተ ልጅ ሳለሁ አንድ ልጅ አባርሬ ነበር። ልክ የነበረ እሱ ነው። ነገ እጠራዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እጠራዋለሁ ስል ቆየሁ።"

"አሁን የት ነው?"

"አላውቅም። የምነግርህም ስለማላውቅ ነው" አሉ። ድምፃቸው ያን ቀን ብቻ ዝቅ ብሎ ሰማሁት። "ነገ ቅዳሜ ነው፤ ጀልባ አለ።"

ዋና አልችልም። ጀልባው ገና ከባሕር ዳር ዳርቻ ሲላቀቅ ሁለት እጄን መቀመጫው ላይ ቸነከርኩ። እሳቸው ጉማሬ የት የት እንደሚወጣ እያሳዩ አጫወቱኝ። ዘጌ ስንደርስ በቡናው ጥላ ሥር በእግር መንገድ ወጣን፤ እኔ በከረባት፣ እሳቸው በስፖርት ጫማ፤ ማን እንደ ቀደመ መናገር አያስፈልግም። በመንገድ ላይ ምን እንደምል ስለማመድ ነበር። ልጅቱን ለብቻዋ ጠርቼ፣ በቀስታ፣ አባትየው ሳይሰሙ ይቅርታ ልላት ነበር።

የሰብለ አባት አቶ ይሁኔ ቡና የሚለቅሙ፣ ጠይም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። እኔን ሲያዩ እጅ ነሡ። "መምህር፣ እርስዎ እዚህ ድረስ መምጣት አልነበረብዎትም" አሉ። "ልጅቱ መምህር ላይ አፍ መክፈቷን ራሷ ነገረችኝ። አሳፈረችኝ። ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ከእንግዲህ ከቡናው ጋር ትውላለች እንጂ ከተማ አትመለስም።" ከዚያ ወደ ጓሮ ዞረው "ነይ ውጪ!" አሉ።

ሰብለ ወጣች። ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች። አጎንብሳ መጥታ ከፊቴ ቆመች። በአገራችን በደለኛ ይቅርታ ሲለምን እንዲህ ነው፤ የተበደለው "ይቅር ለእግዜር" ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። የሚጠበቅብኝ ሁለት ቃል ብቻ ነበር። ሁለት ቃል ብናገር ልጅቱም ትምህርት ቤት ትመለሳለች፣ አባትየውም ያከብሩኛል፣ የእኔም 1910 በሰላም ይኖራል። ወደ እትዬ ማንጠግቦሽ ዞርኩ። እሳቸው የቡና ቅጠል እያዩ ነበር። ያን ያህል የሚታይ ቅጠል አልነበረም።

የልጅቱ አንገት ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ሳይ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ድንጋዩን ከማጅራቷ አነሣሁት። ካነሣሁት በኋላ የት እንደማደርገው አላወቅኩም፤ ሰው ፊት ወርውሮ መጣል ነውር መሰለኝ። እናም በራሴው ማጅራት ላይ አደረግኩት። ከባድ ነበር። ከረባቴ ወደ መሬት ተንጠለጠለ።

"ኧረ መምህር! ምን ሆኑ?" አሉ አቶ ይሁኔ።

"ያጠፋሁ እኔ ነኝ" አልኩ አጎንብሼ። "ህዳር ላይ የሚቀነሰው ሰባት ነው፤ እኔ ስምንት ቀነስሁ።"

አባትየው አንድም ነገር አልገባቸውም። ወደ እትዬ ማንጠግቦሽ እያዩ "ምኑን ነው የቀነሱት?" አሉ።

"ዓመት ነው፣ አያ ይሁኔ። ልጅዎ ልክ ነበረች።"

አቶ ይሁኔ ወደ እኔ ዞሩ። "ልክ ከነበረች ታዲያ ለምን አስወጧት?"

ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ብዙ ፈተና ተፈትኛለሁ፤ እንደዚህ ያለ ከባድ ጥያቄ ግን አልገጠመኝም። "ስላፈርሁ" አልኩ።

ሰብለ ቀስ ብላ "ይቅር ለእግዜር፣ ቲቸር" አለች። ድንጋዩን ያወረዱልኝ አባቷ ናቸው።

ስንመለስ ጀልባው ላይ እትዬ ማንጠግቦሽ እንዲያመሰግኑኝ ስጠብቅ ነበር። አልደብቅም፤ ማጅራቴን እያሸሁ፣ እንዲያዩልኝ ወደ እሳቸው በኩል እየዞርኩ ነው የጠበቅኩት። ከብዙ ጊዜ በኋላ አፋቸውን ከፈቱ።

"ስንት ክፍል ነው የምታስተምር?"

"አራት።"

"ለአራቱም ስምንት ነው የቀነስህ?"

ውኃውን አየሁ። ጉማሬ ቢወጣ ያን ጊዜ ነበር ደስ የሚለኝ።

እንደ እሳቸው ያለ ሰው በሕይወቴ ዳግመኛ አልገጠመኝም። ክፍላቸውን ስመዝን ስድስት እንደ ሰጠኋቸው ያውቁ ነበር፤ አንድም ቀን አላነሡብኝም። በኋላ ስንት ጊዜ ተሳስቻለሁ፣ ስንት ጊዜ ሻያቸውን እየጠጡ በአንድ ጥያቄ አስቁመውኛል። አሁን ስሳሳት የሚያስቆመኝ የለም፤ ይህ ነው ያስለቀሰኝ።

ሰኞ በመጀመሪያው ክፍል ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ላብ በላብ ሆኜ ተናገርኩ። ልጆቹ 1910ን ሰርዘው 1911 ጻፉ፤ ሰማይ አልተደፋም። በሁለተኛው ክፍል ትንሽ ዘርዘር አደረግኩት። በሦስተኛው የድንጋዩን ነገር ጨመርኩበት፤ አንዲት ልጅ እንባዋን ስትጠርግ አይቼ በጣም ደስ አለኝ። ወደ አራተኛው፣ ወደ ሰብለ ክፍል ስገባ ትሕትናዬ በደንብ ጥሞኝ ነበር። እሷ ከመስኮቱ አጠገብ ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች። ልክ የነበረችው እሷ መሆኗን ተናገርኩ፤ ስም ያወጡላት ልጆች አቀረቀሩ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ስለ ትልልቅ ሰዎች ስሕተት፣ ስለ እውነት ክብር፣ ስለ ራሴም ድፍረት ቀጠልኩ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእኔ ነው።

"ይበቃል አበጀ። አሁን አስተምር።"

እትዬ ማንጠግቦሽ በሩ ላይ ቆመዋል። መቼ እንደ መጡ አላየሁም። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ጠመኔውን አነሣሁ።

ሰብለ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ የተጀመረበትስ? 1906 ነው ያሉን። እሱም ይታረማል?"

ወደ በሩ አየሁ። እትዬ ማንጠግቦሽ ፊታቸውን ወደ ግቢው አዞሩ። ስለዚህ በስድሳ ልጅ ፊት፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። የተጀመረው በሐምሌ ነው። ሐምሌ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ፣ ከእኛው መስከረም በፊት ነው። ስለዚህ ስምንት ይቀነሳል። 1914 ሲቀነስ ስምንት።

"እሱ ልክ ነው" አልኩ።

ሰብለ ቶሎ አልጻፈችም። እስክሪብቶዋን ደብተሩ ላይ አጋድማ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ እሷም በጣቷ ቆጠረች። አንዴ ተሳሳተችና እንደገና ጀመረች። ክፍሉ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ እስክትጨርስ ጠበቅናት። ከዚያ በአዎንታ ራሷን ነቅንቃ 1906 ብላ ጻፈች።

እትዬ ማንጠግቦሽ ከበሩ ላይ የሄዱት ያን ጊዜ ነው።